ጊታሩ ዝም ብሎ አምፑ ሲጮህ

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ለገጣፎ ነው። 30 ዋት የትራንዚስተር ጊታር አምፕ አለኝ። ቮልዩሙን ዜሮ ባደርገውም “እምምም” ይላል። ራሴ ልጠግነው? ድምፁንስ ትንሽ ላወፍረው እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዜሮ ላይ ካልጠፋ ጥፋቱ የጊታሩም የገመዱም አይደለም። መጀመሪያ የፓወር ሰፕላዩን (ለአምፑ ኤሌክትሪክ የሚያዘጋጀውን ክፍል) ትልልቅ ካፓሲተሮች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ዕቃዎች ጠርጥር። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን ዳዮዶች ሲያልፍ ብዙውን ጊዜ 100 ይሆናል። ያንን የሚያለሰልሱት እነሱ ናቸው። ሲደርቁ እምታው ይሰማል። የእኔን አምፕ ስከፍት የአንዱ አናት አብጦ ነበር፤ ሥሩም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ይዟል።

እባክህ ሶኬቱን ንቀል። ተነቅሎም ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ይይዛል። በመልቲሜትር ለካ። ቮልት ካለው 1 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር በሁለቱ እግሮቹ ላይ አስነካ፤ ግን እጅህ ብረቱን እንዳይነካ። በካቻቢቴ አታገናኝ!

የተበላሸውን ካፓሲተር ስትቀይር፣ አዲሱ ማይክሮፋራዱ (የመያዝ አቅሙ) ከአሮጌው እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም በለጥ ያለ ይሁን። ጎኑ ላይ መስመር ያለበት እግር ኔጌቲቭ ነው። ተገልብጦ ከገባ ሊፈነዳ ይችላል።

ስትሞክረው ባለ ክር 60 ዋት አምፖል ከአምፑ የመብራት ገመድ ጋር በተከታታይ አስገባ፤ ማለትም ኤሌክትሪኩ በአምፖሉ አልፎ ወደ አምፑ ይሂድ። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ደምቆ ከቀረ ሾርት አለ፤ ቶሎ ንቀል።

ለማወፈሩ ስፒከሩን መቀየር ይበቃሃል። 8 ኦም ከነበረ 8 ግዛ። 4 ካደረግከው ትራንዚስተሮቹ ከአቅማቸው በላይ ሊግሉ ይችላሉ።