ሲያወራ ሊቅ፣ ሲያነብ «ሰነፍ» የሚባለው ልጅ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አለን፣ 4ኛ ክፍል ነው። አውሮፕላን እንዴት እንደሚነሳ፣ እሳተ ገሞራ ለምን እንደሚፈነዳ ሲያስረዳ ትልልቅ ሰዎች አፋቸውን ከፍተው ያዳምጡታል። ማንበብ ሲባል ግን አንድ ገጽ ያደክመዋል፤ ሦስት መስመር ለመጻፍ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። አባቱ «ሲፈልግ ይችላል፣ ስንፍና ነው» ብሎ ኳስ ከልክሎታል። አስተማሪዋ ደግሞ «ክፍሉን እያለፈ ስለሆነ አያሳስብም፣ ምናልባት ቤት ውስጥ አማርኛ ስለምታወሩ ይሆናል» አለችኝ። ባለፈው ሳምንት «እማዬ፣ እኔ ደደብ ነኝ» አለኝ። ላስመርምረው ስል ባለቤቴ «ልጄን በሽተኛ ልታሰኚብኝ ነው» ይላል። በየማታው እንጣላለን። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጁ ራሱን ከጠራበት ቃል ልጀምር። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን ያውቀዋል፤ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ያንን እንደማይመስል ደግሞ ከአስተማሪዋም ከእናንተም ቀድሞ ያየው እሱ ነው። ምክንያቱን የሚነግረው ሰው ስላጣ ራሱ ስም አወጣለት። ስለዚህ ጉዳዩ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሚቆይ አይደለም።

ከፍተኛ ተሰጥኦና የመማር ችግር በአንድ ልጅ ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። አሜሪካ ያሉ ባለሙያዎች እንዲህ ያሉትን ልጆች «ሁለት ጊዜ ልዩ» ይሏቸዋል። አስቸጋሪው ነገር አንዱ ሌላውን መሸፈኑ ነው። ልጁ ቃሉን አንብቦ ሳይሆን ከሥዕሉና ከዐረፍተ ነገሩ ገምቶ ይሞላዋል፤ በዚህ ብልሃት 1ኛና 2ኛ ክፍልን ያልፋል። 3ኛና 4ኛ ክፍል ላይ ሥዕሉ ይቀንሳል፣ ቃሉ ይረዝማል፣ የሳይንስ መጽሐፍ ይመጣል፣ ግምቱም አላዋጣ ይላል። በዚያው ልክ የንባቡ ድካም ችሎታውን ይደብቀዋል። ከውጭ የሚታየው መካከለኛ ተማሪ ነው፤ ለልዩ ድጋፍም ለተሰጥኦ ክፍልም ማንም አያጨውም። የጻፉልኝ ነገር ከዚህ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ዲስሌክሲያ (ፊደልን ከድምፁ ጋር አገናኝቶ የማንበብ ችግር) ነው ወይስ አይደለም የሚለው ግን የሚታወቀው ተመርምሮ ነው።

አማርኛውን በፍጹም አያቋርጡ። ሁለት ቋንቋ መናገር ዲስሌክሲያ አያመጣም። የቃላትን ድምፅ ነጣጥሎ የመስማት ችግር ካለ በሁለቱም ቋንቋ ብቅ ይላል። በጨዋታ መልክ ይሞክሩት፦ «ሰላም» በል፤ አሁን «ሰ»ን አውጥተህ በለው። «ላም» ማለት አለበት። ይህ ቀላሉ ነው፣ ምክንያቱም የወጣው ሙሉ ቀለም፣ ማለትም ተነባቢና አናባቢ አብሮ ነው። ከዚያ የእንግሊዝኛውን «ስቶፕ» ይስጡትና ከመካከሉ «ት»ን ያስወጡት፤ «ሶፕ» ይላል ወይ? በዚህ ዕድሜ አብዛኛው ልጅ ይችለዋል። በሁለቱም ቋንቋ ከተደናገረ ቀኑንና የመለሰውን ጽፈው ያስቀምጡ፤ ለመርማሪው ይጠቅማል።

አሁን ወደ ባለቤትዎ። በክርክር የሚመለሱ አይመስለኝም፣ ስለዚህ በዓይናቸው ይዩት። ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጁ ሳይደክመው፣ አይቶት የማያውቅ የክፍሉን መጽሐፍ ይክፈቱለትና ለ1 ደቂቃ ጮክ ብሎ ያንብብ። የስልኩን ሰዓት የሚይዙት አባቱ ይሁኑ፣ በትክክል ያነበባቸውን ቃላትም እሳቸው ይቁጠሩ። አሜሪካ ውስጥ በሰፊው በሚሠራበት መለኪያ የ4ኛ ክፍል መካከለኛ ተማሪ በዓመቱ መጀመሪያ በደቂቃ 94፣ በመጨረሻው 133 ያህል ቃል ያነባል። ቀጥሎ ያለውን ገጽ አባቱ ያንብቡለትና አምስት ጥያቄ ይጠይቁት፤ ሁለቱ «ለምን» የሚሉ ይሁኑ። ራሱ ሲያነብ 50 ቃል ላይ የቀረ ልጅ ሲነበብለት አምስቱንም ከመለሰ፣ አባቱ ያዩት ነገር ስንፍና እንዳልሆነ ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም። ቁጥሩን ለልጁ አትንገሩት፤ ሙከራውንም አትደጋግሙት።

የባለቤትዎ ስጋት ግን እውነተኛ ስጋት ነው፣ አይናቁት። ብዙ ወላጆቻችን «ልዩ ትምህርት» ሲባል የሚታያቸው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ነው። ዲስሌክሲያ ከዚያ ጋር አይገናኝም። የምርመራው ሰነድም በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ የተማሪ ምስጢር ነው፤ ኮሌጅ ሲያመለክትም በተለምዶ አይላክም። ኳሱን በተመለከተ አቋሜ ጥብቅ ነው፤ በዚህ ሳምንት ይመለስለት። ቀኑን ሙሉ ከፊደል ጋር ሲታገል ውሎ፣ ፊደል የማይጠየቅበት ያ ሜዳ ብቻ ነው።

ለትምህርት ቤቱ በቃል መጠየቅ አይበቃም። ቀን ያለበት ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ለርዕሰ መምህሩ ይላኩ፣ ቅጂውንም ያስቀምጡ። የሚጻፈው አጭር ነው፦ የልጁ ስምና ክፍል፣ «ልጄ ለልዩ ትምህርት አገልግሎት ሙሉ ግምገማ እንዲደረግለት እጠይቃለሁ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ከዚያ ያዩትን በቁጥር። «ንባብ ይከብደዋል» ከማለት «ትናንት 8 ጥያቄ የቤት ሥራ 1 ሰዓት ከ20 ፈጀበት፤ ሳነብለት በ15 ደቂቃ ጨረሰ» ማለት ይሻላል። ግምገማው ነፃ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ትምህርት ቤቱ ጥያቄው በጽሑፍ በደረሰው በ90 ቀን፣ እናንተ የፈቃድ ወረቀቱን በፈረማችሁ በ60 ቀን ውስጥ መጨረስ አለበት። ስብሰባው ላይ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ እንግሊዝኛ ብትችሉም እንኳ ባለቤትዎ ሁሉንም በራሳቸው ቋንቋ እንዲሰሙ ይጠይቁ።

ሦስት መልስ ሊገጥምዎ ይችላል። «እያለፈ ነው» ካሏችሁ፣ የፌዴራሉ የልዩ ትምህርት ሕግ ክፍል እያለፈ ያለ ልጅም አገልግሎት ካስፈለገው ሊያገኝ እንደሚገባ በግልጽ ይላል። «መጀመሪያ በክፍል ውስጥ ድጋፍ እንሞክር» ካሉ ይሞክሩ፣ ግን ጎን ለጎን፤ ይህ ግምገማን ማዘግያ እንዳይሆን የፌዴራሉ የልዩ ትምህርት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2011 ለክፍለ ግዛቶች ጽፏል። «እንዲህ ብልህ ልጅ የመማር ችግር የለበትም» ካሉ ደግሞ፣ ያው ቢሮ በ2015 ከፍተኛ የማሰብ ችሎታ ያላቸው ልጆች በዚህ ምክንያት እንዳይገለሉ አሳስቧል። እምቢታው በጽሑፍ ይሰጣችሁ፤ መስጠት ግዴታቸው ነው።

የምርመራው ነገር ላይ ልዘግይ፣ ብዙ ልጅ የሚጠፋው እዚህ ጋ ነውና። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ዌክስለር የሚባለው የልጆች የማሰብ ችሎታ ፈተና ነው፤ 5ኛው እትም ከ6 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ይሠራል። አምስት ክፍል አለው፦ የቃል ግንዛቤ፣ ቅርጽን በዓይን የማገናዘብ፣ አዲስ ነገር የመፍታት፣ የአጭር ጊዜ ትውስታና የሥራ ፍጥነት። የሁሉም አማካይ 100 ነው። አንድ ልጅ በሦስቱ 132፣ 121 እና 128፣ በትውስታ 94፣ በፍጥነት 86 አመጣ እንበል። ጠቅላላው ተደምሮ 120 አካባቢ ይወጣል፤ ጥሩ ነው ተብሎ ይዘጋል። የልጁ እውነት ግን ያለው በ132 እና በ86 መካከል ባለው ገደል ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት ሲኖር ትውስታና ፍጥነትን የማይቆጥር «የአጠቃላይ ችሎታ» የሚባል ሌላ ስሌት አለ፤ ለዚህ ልጅ 130ን ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በስብሰባው ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ከተነገራችሁ አምስቱንም በየተራ እንዲያሳዩአችሁ፣ ይህም ስሌት እንዲሠራ ጠይቁ። ልጁ በሁለት ቋንቋ ስላደገ የቃል ግንዛቤው ከእውነተኛ ችሎታው ዝቅ ብሎ ሊወጣ እንደሚችልም ያስታውሷቸው።

ይህ ፈተና ብቻውን ዲስሌክሲያን አያሳይም። የሚያሳዩት ሌሎች ናቸው፦ በዝርዝር የተጻፉ ቃላትን ማንበብ፣ ትርጉም የሌላቸው የፈጠራ ቃላትን ማንበብ፣ የንባብ ፍጥነት፣ ድምፅን መነጠል፣ የፊደልና የቁጥር ስም ፈጥኖ መጥራት፣ የቃላት አጻጻፍ። የፈጠራ ቃላቱን አጥብቃችሁ ጠይቁ። «ብሊም» ወይም «ትራፍ» የሚል ነገር ከዐረፍተ ነገር ውስጥ ሊገመት፣ ከትውስታም ሊመዘዝ አይችልም፤ ፊደሉን ከድምፁ ጋር ማገናኘት ግድ ነው። ምንባብ ሰጥተው ጥያቄ ብቻ ከጠየቁት ብልሃቱ ያሳልፈዋል፣ «ንባቡ ደህና ነው» ተብሎም ይመለሳል። ትኩረት ማጣትም ስለሚመሳሰል፣ እናንተም አስተማሪዋም የትኩረት መጠይቅ ሙሉ። ዓይንና ጆሮውን ከዚያ በፊት ሐኪሙ ጋ ያስዩት።

በውጤቱ ካልተስማማችሁ ትምህርት ቤቱ በሚከፍለው ገንዘብ የውጭ ባለሙያ እንዲመረምረው በጽሑፍ ጠይቁ፤ ወይ ይከፍላሉ፣ ወይ የራሳቸው ግምገማ በቂ መሆኑን ችሎት ላይ ማስረዳት አለባቸው። በግል መክፈል ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

ብቁ ነው ከተባለ አይኢፒ የሚባለው የግል የትምህርት ዕቅድ ይዘጋጃል። ከፊደልና ድምፅ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ የንባብ ትምህርት፣ በትንሽ ቡድን፣ በሳምንት 4 ወይም 5 ቀን መሆኑን ከነደቂቃው አስጽፉ። «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ቃል አትፈርሙ። ከጎኑ የሚያዳምጠው መጽሐፍ (ቡክሼር የሚባለው አገልግሎት ዲስሌክሲያ ላለባቸው የአሜሪካ ተማሪዎች ነፃ ነው)፣ በእጅ ከመጻፍ ይልቅ መተየብ፣ ተጨማሪ ሰዓት ይኑርበት። አንድ የተለመደ ስህተት አለ፤ ልጁን ለንባብ ድጋፍ የሚያወጡት ከሳይንስ ክፍል ላይ ነው። እሳተ ገሞራን የሚወድ ልጅ ከዚያ ክፍል ከወጣ፣ ያለችውን አንዲት ማሸነፊያ ወሰዱበት ማለት ነው። ተሰጥኦውን የሚመጥን ሥራ ንባቡ እስኪስተካከል መቆየት የለበትም፤ ሁለቱም ከመጀመሪያው ቀን በዕቅዱ ላይ ይጻፉ። ለአይኢፒ አይበቃም ከተባለ በ504 ሕግ (በአካል ጉዳተኞች ላይ አድልዎን በሚከለክለው የፌዴራል ሕግ አንቀጽ) ቢያንስ ተጨማሪ ሰዓቱንና የሚደመጠውን መጽሐፍ ማግኘት ይቻላል።

የፈተናው ዋዜማ አታስጠኑት፤ የሚጠና ነገር የለውም፣ ልምምድም ውጤቱን ያበላሻል። በጊዜ ይተኛ፣ ቁርሱን ይብላ፣ መነጽር ካለው ይዞ ይሂድ። ወዴት እንደሚሄድ ሲጠይቅዎ እንዲህ ይበሉት፦ «ጭንቅላትህ የትኛውን ሥራ በፍጥነት፣ የትኛውን በዝግታ እንደሚሠራ የሚያይ ሰው አለ። አንዳንዱ ጥያቄ ሆን ተብሎ ከባድ ነው፣ ሁሉንም የሚመልስ ልጅ የለም። ካላወቅክ አላውቅም በል።» ይህን አባቱ ቢነግሩት ደግሞ የበለጠ ይሰማል።