ጭቃ ለማየት ድርዒያ ድረስ?

ከሪያድ አጠገብ ስላለችው አሮጌ ከተማ ስለ ድርዒያ የጻፋችሁልኝ በዝታችኋል። አራቱን ልመልስ።

«ጋሼ፣ ያደግሁት ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። የዕረፍት ቀኔን ጭቃ ለማየት ላባክን?»

እህቴ፣ ከብዙው ጎብኚ ይልቅ የሚገባው ላንቺ ነው። ጭቃን ከጭድ ጋር ማቡካት የእኛም ሙያ ነው። እኛ ግን እንጨት አቁመን፣ ማገር መትተን እንመርጋለን፤ እነርሱ ጡብ አውጥተው በፀሐይ ያደርቁና በድንጋይ መሠረት ላይ ይደረድሩታል። እንጨት የሚበዛው ጣሪያው ላይ ነው፤ ከግንዱ በላይ ዘንባባ፣ ከዘንባባው በላይ እንደገና ጭቃ። ግድግዳውን ቀረብ ብለሽ እዪው፤ ጭዱ ከምርጊቱ ብቅ ብቅ ብሎ ታገኚዋለሽ። ከፍ ብለው የተደረደሩት ባለ ሦስት ማዕዘን ቀዳዳዎችም ጌጥ ብቻ አይምሰሉሽ። ነፋስና ብርሃን ያስገባሉ፤ የጎረቤት ዓይን ግን አያስገቡም።

«ዝናብ አያፈርሰውም?»

ጠጋኝ ካጣ ያፈርሰዋል። ከጣሪያው ጠርዝ ወደ ውጭ የሾሉት የእንጨት አሸንዳዎች ውሃውን ከግድግዳው አርቀው ይጥሉታል፤ ምርጊቱም በየጊዜው ይታደሳል። ድርዒያን ያወደማት ግን ጦርነት ነው። የመጀመሪያው የሳዑዲ መንግሥት መዲና ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1818 ከግብፅ የዘመተው የኦቶማን ጦር አዛዥ ኢብራሂም ፓሻ ለወራት ከቦ ያዛት፤ ከዚያም አስፈረሳት።

«ሁሉም አዲስ መሰለኝ። አሮጌው የቱ ነው?»

መጠርጠርህ ደግ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የመዘገበው አጡረይፍ የተባለውን ሰፈር ነው፤ የሰልዋ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ያለውም እዚያ ነው። ከሸለቆው ማዶ ያሉት ምግብ ቤቶች የዛሬ ሥራ ናቸው። ብዙ ሰው ግን እዚያው ቡናውን ጠጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ «ድርዒያን አየሁ» ይላል! አንተ የተገመሰ ግድግዳ ፈልግ። የታደሰው በምርጊት ተሸፍኗል፤ የተገመሰው ጡቡን ረድፍ በረድፍ ያሳይሃል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ሂድ። በሐምሌ ከሄድክ እኔ አልመከርኩህም።

«ሩቅ መሄድ ለማንችልስ?»

መሐል ሪያድ የመስመክ ምሽግ አለላችሁ። የዛሬዋ ሳዑዲ ዓረቢያ መሥራች አብዱልአዚዝ ኢብን ሳዑድ እ.ኤ.አ. በ1902 ከተማዋን የያዘው ይህን ምሽግ ሰብሮ ነው። በሩን ሳታዩ እንዳትመለሱ፤ በትልቁ የእንጨት በር መሐል ሌላ ትንሽ በር ተቆርጧል። አንድ ሰው ብቻ፣ ያውም ጎንበስ ብሎ ያስገባል። ጠላት ቢመጣ አንገቱን አስቀድሞ ነው የሚገባው።