አንጀቱ ላጠረ ልጅ ምን ላብላው ላልሽው
እህቴ፣ «የ2 ዓመት ልጄ አንጀቱ ተቆርጦ አጥሯል፤ ጁስ ሳይቀር እየሰጠሁት ያስቀምጠዋል፤ ክብደቱም አልጨምር አለ» ያልሽውን ሳነብ የራሴ ቤት ትዝ አለኝ። የኔም ልጅ ያለጊዜው ተወልዶ፣ አንጀቱ ተጎድቶ አብዛኛው ተቆርጦ ወጣ። አሁን 6 ዓመቱ ነው፤ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው።

ከጁሱ ልጀምር። እኔም «ቫይታሚን ነው» እያልኩ የማንጎ ጁስ በጡጦ እሰጠው ነበር። ለካ ስኳሩ ውሃ ወደ አንጀት ይስባል። አጭር አንጀት ደግሞ ያን ሁሉ ውሃ መልሶ መምጠጥ አይችልም። አማቴ ከአዲስ አበባ የመጡ ጊዜ «ይሄ ልጅ ከሳ እኮ!» ብለው አጥሚት በማር ሠሩለት። ሌሊቱን 6 ዳይፐር ቀየርን። ጠዋት ማሩን የደበቁት ራሳቸው ናቸው።

በጁሱ ፋንታ ሐኪሙ ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት) አዘዘልን። ምግቡ ሩዝ፣ የተፈጨ ድንች፣ እንቁላል፣ ዶሮ፣ ሙዝ ነው፤ ትንሽ ትንሽ፣ በቀን 6 ጊዜ። መጠጡን ከምግቡ አራርቀን ነው የምንሰጠው። አዲስ ምግብ ስንጀምር አንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ 3 ቀን ዳይፐሩን እያየን ደብተር ላይ እንጽፋለን። ሌሊት በሆዱ ቱቦ ፎርሙላ ቀስ እያለ ይገባለት ነበር። ቢሆንም ቀን በአፉ ማስቀመሱን አልተውንም፤ አፉን የረሳ ልጅ በኋላ ማንኪያ ሲያይ ያለቅሳል።

እኔን ግን የገረመኝ የጨው ነገር ነው። ደህና እየበላ 2 ወር ሙሉ ክብደቱ አንድ ቦታ ቆመ። የደም ምርመራው ምንም አላሳየም። የምግብ ባለሙያዋ ሽንቱን አስመረመረችና ሶዲየሙ፣ ማለትም በጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር፣ በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። በተቅማጡ ጨው እየወጣበት፣ ሰውነቱ የቀረችውን ቆጥቦ ይዟት ነበር። ሶዲየም ያነሰው ልጅ ደግሞ ቢበላም ክብደት አይጨምርም። በሐኪም የተለካ ጨው ሲጨመርለት ሚዛኑ ተንቀሳቀሰ። በራስሽ ግን እንዳትጨምሪ፤ የሽንት ሶዲየም ይታይልኝ በያቸው። ዚንክም በተቅማጥ ይወጣል፣ እሱንም ጠይቂ።

ደግሞ በደም ሥሩ የሚመገብበት መስመር ካለው፣ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ እስኪነጋ አትጠብቂ፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ውሰጂው።

የተቆረጠው የትኛው ክፍል ነው? ቫይታሚን ቢ12 የሚመጠጠው በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ የኔ ልጅ ያ ክፍል ስለሌለው መርፌ ይወስዳል። ትልቁ አንጀት መኖር አለመኖሩም ምግቡን ይለውጠዋል። የቀዶ ጥገናው ወረቀት ላይ ይኖራል፤ አይተሽ ጻፊልኝ።