የእኅትዎን ልጅ ከመቅጠርዎ በፊት ደመወዙን ይንገሩት

ጠያቂያችን፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ከመራዊ የመጣውን የእኅትዎን ልጅ በሐይቁ ዳር በከፈቱት አነስተኛ ዓሣ ቤት ልቅጠረው ወይስ ይቅር ብለው ጠይቀዋል፤ እናትዎም «ከባዳ ዘመድ ይሻላል» እያሉ እንደሚገፋፉዎት ጽፈዋል። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ዓሣ ቤት ከከፈትሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ የወንድሜንም ልጅ ቀጥሬ አሠርቻለሁ። መልሴ ይቅጠሩት የሚል ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ዓሣ ቅርፊት ከመፋቁ በፊት የወር ደመወዙ ስንት ብር እንደሆነ ቁርጡን ይንገሩት።

እኔ ይህን አላደረግሁም። ወንድሜን «ልጅህ ልጄ ነው፣ አታስብ» ብዬው ነበር፤ ያንን ስል ከልቤ ነው። ልጁ እኔ ቤት ያድራል፣ እኔ ቤት ይበላል፣ በዓል ሲመጣ ልብስ ይገዛለታል፣ ሲቸግረውም እሰጠዋለሁ። እርሱ በበኩሉ ገና ጎሕ ሲቀድ ከዓሣ አጥማጆቹ እየተረከበ፣ ቀረሶውን ከአምባዛው እየለየ፣ እየመዘነ ያስገባል፤ ዓሣ ፈላጊው በሚበዛበት በዐቢይ ጾም ደግሞ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ከምድጃው አይለይም። ዕቃ የምታጥበው ልጅ ወር በገባ ቁጥር ደመወዟን ቆጥራ ስትቀበል እርሱ አጠገቧ ቆሞ ያይ እንደነበር ያስተዋልሁት በኋላ ነው።

በአሥራ አራተኛው ወር መሄድ እንደሚፈልግ ሲነግረኝ ከፋኝ፤ ያደረግሁለትንም መቁጠር ጀመርሁ። እርሱ አንድም ቃል ሳይመልስ ገብቶ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አመጣና ከኋላው በኩል ገልጦ ሰጠኝ። የሠራባቸው ቀናት በሙሉ በተርታ ተጽፈዋል። ከጎናቸው ደግሞ «ለጫማ»፣ «ለጥምቀት ሸሚዝ»፣ «ለፀጉር» እያለ ከእኔ የተቀበለውን ሁሉ ሳንቲም ሳያስቀር አስፍሮታል። እኔ ስጦታ ነው ብዬ የሰጠሁትን እርሱ ከማያውቀው ደመወዙ ላይ አስቀድሞ እንደወሰደው ቆጥሮ መዝግቦታል። በደብተሩ ውስጥ አንዲት የወቀሳ ቃል አልነበረችም፤ እኔን ይበልጥ የጎዳኝም ይኸው ነበር።

ነገሩ ወደ ወንድሜ ደረሰና ሆድና ጀርባ ልንሆን ጥቂት ቀረን። በመጨረሻ አጎታችን ባሉበት ተቀምጠን፣ በዚያን ጊዜ ለተመሳሳይ ሥራ ለባዳ የሚከፈለውን መነሻ አድርገን፣ የወሰደውን ቀንሰን የቀረውን በአምስት ወር ከፍዬ ጨረስሁ። ልጁም ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ግን ውል ተፈራርመን ነው።

ለዘመድ ውል ማስፈረም አለማመን ይመስላል ብለው እንዳይሰጉ። ባዳ ቅሬታ ቢኖረው ይናገራል፤ ዘመድን ግን ይሉኝታ አፉን ይይዘዋልና ወረቀቱ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለእርሱ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ቢሆን ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥና በጽሑፍ እንዲሆን ይደነግጋል። ይህ የሙከራ ጊዜ ለእርስዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጁ ሥራውን ካልወደደው፣ ወይም ሥራው ካልወደደው፣ ሁለታችሁም አስቀድማችሁ በምታውቁት ቀን ያለ ጠብ ለመለያየት በር ይከፍታል። በቋሚነት ከቀጠለ ደግሞ የጡረታ መዋጮውን አይርሱ፤ 7 በመቶ ከደመወዙ ይቀነሳል፣ 11 በመቶ እርስዎ ይጨምራሉ። ምግብና ማደሪያ የሚሰጡት ከሆነም ከደመወዙ ጋር ይታሰብ ወይስ አይታሰብ የሚለውን አሁኑኑ ይወስኑ።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ገበያ በምሄድበት ጊዜ ደንበኞች ሒሳባቸውን በልጁ ስልክ በቴሌብር ይልኩ ነበር። አንዲት ብር አልጎደለብኝም፤ ይሁን እንጂ የእርሱና የቤቱ ገንዘብ ተቀላቅሎ ማታ ማታ ስንለይ እናመሽ ነበር፤ እርሱም እንደተጠረጠረ ሰው እየተሸማቀቀ ያስረዳኝ ነበር። በንግድ ፈቃድዎ ስም የመቀበያ ቁጥር ያውጡና ግድግዳው ላይ ይለጥፉት።

ሌሎች ሠራተኞች ካሉዎት ደግሞ የሚያዝዘው ማን እንደሆነ በግልጽ ይንገሯቸው። የእኔ ወጥ ቤት ኃላፊ ልጁ ዓሣውን በደንብ ሳያጥብ ሲያቀርብ እያየች «የአሠሪዬ ዘመድ ነው» ብላ ዝም ትል ነበር፤ ዝምታዋን የሰማሁት አንድ ደንበኛ ሳህኑን ከመለሰ በኋላ ነው። አሁን ልጁ በሥራ ሰዓት የሚታዘዘው ለእርሷ ነው፤ እኔን «አክስቴ» ማለቱን አልተወም፣ እንዲተውም አልፈልግም።

እናትዎን በተመለከተ፣ ደመወዙን ለልጁ ሲነግሩት እርሳቸውም ይቀመጡ፤ ውሉንም ከመፈረማችሁ በፊት ጮክ ብለው ያንብቡላቸው።