ለኤም ዋን ጋራንድ፦ ግራሶ የት፣ ዘይት የት

ከኢትዮጵያ መጋዘኖች ወጥተው ወደ አሜሪካ ከተመለሱት ኤም ዋን ጋራንዶች አንዱን ገዝተው «የትኛውን ዘይት ልቀባው፣ የመኪና ሞተር ዘይትስ ይሆናል ወይ?» ብለው ለጠየቁን ወንድማችን የምመልሰው፣ ይህንኑ ጠመንጃ ለዓመታት ስንከባከብ ካየሁት ተነሥቼ ነው። የሞተር ዘይት አይጎዳውም። ነገር ግን ይህ ጠመንጃ ከዘይት ይልቅ የሚፈልገው ግራሶ ነው።

ጋራንድ እ.ኤ.አ. በ1936 የአሜሪካ ጦር መደበኛ ጠመንጃ ሲሆን የሚቀባው በዘይት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን ዝናብ ዘይቱን እያጠበ ቦልቱ (ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተመላለሰ ጥይት አጉርሶ የሚዘጋው ብረት) በደረቁ እየተያዘ ስላስቸገረ፣ ወታደሩ ግራሶ በትንሽ ዕቃ አድርጎ ሰደፉ ውስጥ እንዲይዝ ተደረገ። በኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የታጠቀውም ይህንኑ ጠመንጃ ስለነበር፣ ከአባቶቻችን መካከል ይህን ሥራ በደንብ የሚያውቁ ነበሩ።

ጥይት አለመጉረሱን በዓይንም በጣትም ካረጋገጡ በኋላ የቃታውን ክፍል አውጥተው እንጨቱን ይለዩት። ለረጅም ዘመን በመጋዘን የቆየ ጠመንጃ አሮጌ ግራሶው ደርቆና ከአቧራ ጋር ተጋግሮ ሊገኝ ስለሚችል፣ በላዩ ላይ አዲስ ከመቀባት በፊት የብረት ክፍሎቹን በነጭ ጋዝ አጥቦ ማድረቅ ያስፈልጋል። ከዚያ የሚንሸራተተውን በግራሶ፣ የሚዞረውን በጠብታ ዘይት ይቀቡ። ከሁሉ በላይ ጫና ያለበት ቦታ ሲተኮስ ከባሩዱ የሚወጣውን ጋዝ ግፊት የሚቀበለው ረጅሙ ዘንግ የቦልቱን ጆሮ ይዞ የሚያዞርበት ጉድጓድ ነው፤ እዚያ ግራሶ አይጉደል። የቦልቱ ሁለት መቆለፊያዎች፣ ቦልቱ የሚመላለስባቸው ቦዮች፣ ዘንጉ በቀኝ በኩል የሚሄድበት መስመር፣ ከበርሜሉ ሥር የሚታሽበት ቦታና የመዶሻው ፊትም ስስ ቅባት ይበቃቸዋል። በጣት ሲነኩት የሚታይ፣ ግን የማይንጠባጠብ መሆን አለበት። የግራሶው ማርካ እምብዛም አያሳስበኝም።

ይህ ጋዝ የሚገባበት፣ ከበርሜሉ ጫፍ ሥር ያለው ሲሊንደር ውስጡና የዘንጉ ጫፍ ያለው ፒስተን ግን ደረቅ ይሁኑ፤ እዚያ የገባ ቅባት በጋዙ ሙቀት ተቃጥሎ ጥላሸት ይሆናልና። ጥይት የሚጎርስበት ክፍልም እንዲሁ ደረቅ መሆን አለበት፤ ዘይት ካለበት ቀለሁ ግድግዳውን መያዝ ተስኖት በቦልቱ ላይ የሚያርፈው ግፊት ይጨምራል። ሲሊንደሩን ያለ ምክንያት ደጋግሞ መፍታት ከበርሜሉ ጋር ያለውን ጥብቀት ስለሚያላላ ዒላማን ያበላሻል።

የጋራንድ አካል ከኋላ ዝግ በመሆኑ የበርሜል መወልወያው የሚገባው በአፈሙዙ በኩል ነው። የመወልወያው ዘንግ የአፈሙዙን ጠርዝ እያሸ ከበላው ጠመንጃው ትክክለኛነቱን ያጣል፤ ስለዚህ መከላከያ ቀለበት መጠቀም ግድ ነው። ቦልቱን ወደ ኋላ ሲያቆሙም አውራ ጣትዎን ይጠብቁ፤ ድንገት ሲዘጋ ምሕረት የለውም።

የድሮ ወታደራዊ ጥይት የሚተኩሱ ከሆነ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተሠራው አብዛኛው የአሜሪካ ጦር ጥይት መቀጣጠያው ብረት የሚያዝግ ጨው ይተዋል፤ ጨውን የሚያሟሟው ደግሞ ውኃ እንጂ ዘይት አይደለም። በዚያኑ ቀን በርሜሉንና ሲሊንደሩን በሙቅ ውኃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ በርሜሉን በስሱ ዘይት መቀባት ነው። ከሱቅ የሚገዛ የአደን ጥይትን በተመለከተ፣ ከባድ እርሳስና ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ ያለው የጋዙን ግፊት የሚቀበለውን ረጅሙን ዘንግ ሊያጎብጥ ስለሚችል፣ በሣጥኑ ላይ ለጋራንድ የተሠራ መሆኑ የተጻፈበትን ይምረጡ።

ቅባቱ ተስተካክሎ ሳለ ጠመንጃው አሁንም ቀጣዩን ጥይት በደንብ የማያጎርስ ከሆነ፣ የረጅሙን ዘንግ ሞላ አውጥተው ይለኩት፤ ከ19 ኢንች ካጠረ ደክሟልና ይለውጡት።