ስድስተኛው ወርዋሪ ማን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ ነው የምኖረው። ዋሽንግተን ያለው የአጎቴ ልጅ ቤዝቦል አስለምዶኝ ይኸው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እየተነሳሁ አያለሁ፤ እናቴ «ይሄን ልጅ ምን ነካብኝ» ማለት ጀምራለች። የማን ቡድን ወርዋሪዎች (ኳሱን ለመቺው የሚወረውሩት) ይሻላሉ እያልን ሁሌ እንጨቃጨቃለን። እሱ ኢአርኤ እየጠቀሰ ይረታኛል። በዚያ ብቻ ይፈረዳል እንዴ?

መልስ፦ ኧረ አይፈረድም። ኢአርኤ ወርዋሪው በ9 ኢኒንግ (አንድ ሙሉ ጨዋታ 9 ዙር ነው፣ ዙሩ ኢኒንግ ይባላል) በአማካይ ስንት ነጥብ እንደሚገባበት ነው የሚነግርህ፣ በተከላካይ ስህተት የመጣው ሳይቆጠር። ለመነሻ ጥሩ ነው። ግን በረኛን በገባበት ጎል ብቻ እንደመመዘን ነው፤ ፊቱ ደህና ተከላካይ የቆመለት በረኛ እኮ እጁን አጣጥፎ ሊውል ይችላል። እዚህም ኳሱ ተመትቶ ሜዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ነገሩ በአብዛኛው የተከላካዮችና የዕድል ነው።

ስለዚህ በወርዋሪው እጅ ያሉትን እይ፦ ስትራይክአውት (መቺው ኳሱን መምታት አቅቶት ሲሰናበት)፣ ዎክ (ወርዋሪው ኳሱን ከክልሉ ውጪ እየወረወረ መቺውን በነፃ ሲያሳልፈው) እና ሆምራን (ኳሱ ተመትቶ ከሜዳው አጥር ሲያልፍ)። እኔ መጀመሪያ የማየው ከመቶ መቺ ስንቱን በስትራይክአውት እንደሚያሰናብት ነው፣ ከዚያ ላይ በዎክ የሚለቃቸውን እቀንሳለሁ። 20 ከቀረው በጣም ጎበዝ ነው።

ሜዳውንም አትርሳ። ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የተመታ ኳስ ይርቃል፣ የሚታጠፈው ውርወራም እንደልቡ አይታጠፍም። እዚያ የሚወረውር ሰው ቁጥሩ ቢያስጠላ አትፍረድበት። አራት ኪሎማ ከዴንቨርም በብዙ መቶ ሜትር ትበልጣለች፤ እዚህ ብንጫወት ኳሱን ከግንፍሌ ወንዝ ነበር የምንለቅመው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አንደኛው ወርዋሪ ነው። ቡድኑ ግን በዓመት 162 ጨዋታ አለበት፣ ወደ 1,450 ኢኒንግ ማለት ነው፣ ምርጡ ጀማሪ ወርዋሪ (ጨዋታውን የሚከፍተው ማለቴ ነው) ደግሞ በዚህ ዘመን 200 ከደረሰ ብዙ ነው። የቀረውን ማን ይወረውራል? አምስት ጀማሪዎች ይዘህ ብትነሳም የአንዱ ክርን መበጠሱ አይቀርም፣ ቀዶ ጥገና ከገባ ደግሞ ዓመትና ከዚያ በላይ ይጠፋል። ያኔ የሚጠራው ስድስተኛውና ሰባተኛው ነው፤ የቡድኑ ጉድ የሚወጣውም እዚያ ላይ ነው።

ቡልፔኑን፣ ማለትም ጀማሪው ሲወጣ የሚተኩትን ወርዋሪዎች፣ ስታይ ስም አትቁጠር፣ ትናንትና ከትናንት ወዲያ ማን እንደወረወረ እይ። ሁለት ቀን በተከታታይ የወረወረ ሰው ዛሬ ያለው ስሙ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

በ2011 (እነሱ አቆጣጠር) የፊላዴልፊያ ቡድን አራት ስመ ጥር ጀማሪዎች፣ ሃላዴይን፣ ሊን፣ ሃምልስንና ኦስዋልትን ይዞ 102 ጨዋታ አሸንፎ በጥሎ ማለፉ ገና በመጀመሪያው ዙር በሴንት ሉዊስ ተሰናበተ። በ2024 ደግሞ የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ ጀማሪዎቹ እየተጎዱበት ሦስት ብቻ ቀርተውት፣ በሌላው ቀን ቡልፔኑ ኢኒንጉን ተከፋፍሎ እየወረወረ ዋንጫውን በላ። በአጭር ውድድር ዕድል ትልቅ ድርሻ አለው፣ ይሄን አልክድም። እኔ ግን ለረጅሙ ዓመት ምረጥ ብትለኝ ብዙ ደህና እጅ ያለውን ነው የምይዘው።

የአጎትህ ልጅ ሲደውል ስድስተኛው ወርዋሪያችሁ ማን ነው ብለህ ጠይቀው። ከተንተባተበ ረትተኸዋል። የእናትህን ነገር ግን እኔ አላውቅልህም።