«ድምፄ ጠፋህ እንዴ?» ለምትሉ ልጆች

ልጆች፣ እኛ አገር ስልክ ተደውሎ «ማን ልበል?» ከተባለ ጉድ ነው። «እንዲህ ተረሳሁ?» ይመጣል፣ ከዚያ ኩርፊያ። ዕድሜዬን የአንጎል ኤምአርአይ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝና ስለዚህች ኩርፊያ የምላችሁ አለኝ።

ድምፅ አንጎላችን ላይ መጀመሪያ ከሚያርፍባቸው ቦታዎች አንዱ በጆሮ በኩል ወደ ውስጥ የተደበቀ እጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 በገለጸው ኦስትሪያዊ ስም የሄሽል እጥፋት ይባላል። የሁሉም ሰው ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ ጋ ወጥ ነው፣ ሌላው ጋ ግማሽ ድረስ ተሰንጥቋል፣ ሌላው ጋ ጭራሽ ሁለት ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ የአንድ ሰው ግራና ቀኝ እንኳ ላይመሳሰል ይችላል። ጀማሪ ሐኪም በሽታ ሊመስለው ይችላል። አይደለም፤ እንደ ፊት መልክ ነው።

የሰው ድምፅ ሲሰማ ለይቶ የሚነቃው አካባቢ ደግሞ ከእሱ ዝቅ ይላል። ይህንን እ.ኤ.አ. በ2000 የአንጎል ተመራማሪው ፓስካል ቤሊንና ባልደረቦቹ አሳይተዋል። ድምፅ መለየት ላይ ምን ሊጎድል እንደሚችል የምታሳይ አንዲት እንግሊዛዊት አለች፣ ታሪኳ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ጆሮዋ ደህና፣ ኤምአርአይዋም ጉዳት የለውም፤ ግን የገዛ ልጇን ድምፅ እንኳ መለየት ይቸግራታል። ስለዚህ ስልክ የምታነሳው ቀድሞ በተቀጠረ ሰዓት ነበር። በሉ እንግዲህ፣ እሷን «ረሳሽኝ» በሏት!

የኤምአርአይ ፊልም አይቼ «ይሄ ሰው ድምፅ አይለይም» ማለት አልችልም፣ እችላለሁ የሚላችሁ ካለም አትመኑት። ልዩነቱ የሚታየው ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲጠና ነው።

ሙዚቃ፣ ቋንቋ ወይ ሳውንድ የምትማሩ ደግሞ ይቺን ስሙኝ። እ.ኤ.አ. በ2011 የለንደን ተመራማሪዎች የንግግር ድምፆችን ለይተው የሚጽፉ ባለሙያዎችን አንጎል መረመሩ። የተሰነጠቀ የሄሽል እጥፋት እነሱ ላይ በዛ ብሎ ተገኘ፤ እሱ ከመወለድ በፊት የሚሠራ ነው ተብሎ ይታሰባል። ግን ግንባር በኩል ያለ ሌላ ክፍል ደግሞ መጠኑ ከሠለጠኑበት ዓመት ብዛት ጋር አብሮ ይሄዳል። እንግዲህ «ጆሮ የለኝም» ብላችሁ በመጀመሪያው ወር ትምህርቱን የምትጥሉት፣ ምናችሁን ለክታችሁ ነው?

ስልክ ስትደውሉም ስማችሁን አስቀድሙ። ቁጥር የቀየራችሁ በተለይ።